አንድ ቃል በሁለት ጎን፦ በሞተር ብስክሌት የነዳጅ ጋን ላይ የሚለጠፉ ጽሑፎችና የአነባበባቸው ችግር

የአደባባይ ጽሑፍን የሚያጠናው የሥነ ልሳን ዘርፍ ዘወትር መነሻ የሚያደርገው ላንድሪና ቡርሂስ በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ጽሑፍ ነው። በዚያ ዝርዝር የገቡት የመንገድ ምልክት፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የጎዳናና የቦታ ስም፣ የንግድ ቤት ታፔላና በመንግሥት ሕንፃ ላይ ያለ ጽሑፍ ናቸው፤ ሁሉም በተተከሉበት የሚቆሙ ነገሮች። ኤሊዛቤት ላንዛና ኂሩት ወልደማርያም በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ መቀሌ ባወጡት ጥናት ዘዴው በኢትዮጵያ ከተማ ምን ያህል ፍሬ እንደሚያፈራ ታይቷል። በዓመቱ ማርክ ሴባ የሚንቀሳቀሱ ጽሑፎች ከዚህ ቆጠራ ውጭ መቅረታቸውን ተችቷል። ትችቱ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ተሽከርካሪን ወደ ስብስቡ መጨመር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ጽሑፉ በተሽከርካሪው አካል ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ካልተመረመረ፣ የሚደረገው ነገር የታፔላን አነባበብ በጎማ ላይ ማሳፈር ነው።

ለዚህ ሙግት ከሞተር ብስክሌት የነዳጅ ጋን የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። በኬንያና በዩጋንዳ ድንበር ላይ ካለችው ከቡሲያ ስሙን ይዞ የወጣው ቦዳ ቦዳ፣ በመጀመሪያ በብስክሌት፣ በኋላም በሞተር፣ ምሥራቅ አፍሪካን አዳርሷል። ባለ ሞተሩ ከፋብሪካ የመጣውን የምርት ስም ትቶ ወይም በላዩ ደርቦ የራሱን ቃል በስቲከር ያስለጥፋል፤ ጸሎት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ የልጅ ስም፣ የቡድን ስም። ተመራማሪው በበኩሉ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ቃሉን ይገለብጣል፣ ቋንቋውንና ፊደሉን ይመዘግባል፣ ከመደበኛው አጻጻፍ የራቀውን ደግሞ «ስሕተት» ወይም «ቀበልኛ» ከሚል ሣጥን ውስጥ ያስገባዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ሣጥን ነው።

ስቲከር አይጻፍም፤ ይቆረጣል፣ ይለቀማል፣ ይለጠፋል። ማሽኑ የፊደሉን ዙሪያ በስለት ከቆረጠ በኋላ በፊደሎቹ መካከልና በውስጣቸው ያለው ትርፍ በእጅ ይነሣል። የቀረው በማስተላለፊያ ወረቀት ተይዞ፣ ቅባቱ በአልኮል በተጠረገ ጋን ላይ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ሳሙና የገባበት ውሃ አስቀድሞ ይረጫል፤ እንዲህ ሲሆን ስቲከሩ ወዲያው ስለማይዝ ወዲህና ወዲያ ማስተካከል ይቻላል። ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር በፕላስቲክ መጥረጊያ ውሃውና አየሩ ይወጣል። የጋኑ ገጽ ግን በሁለት አቅጣጫ የጎበጠ ነው። ወረቀት በብርቱካን ላይ ሳይጨማደድ እንደማይጠቀለል ሁሉ፣ ጠፍጣፋ ስቲከርም በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ ካልተሳበ ወይም ካልተቀደደ አይተኛም። ስለዚህ ይሞቃል፣ ይለጠጣል፤ የተለጠጠው ሲቀዘቅዝ ወደ ቀድሞ መጠኑ መመለስ ይፈልጋልና ጫፉ መነሣት ይጀምራል። መጀመሪያ የሚነሡት ቀጫጭኖቹ ጭራዎች ናቸው።

ለግዕዝ ፊደል ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የላቲን ፊደል አናባቢውን ራሱን በቻለ ሆሄ ሲጽፍ፣ ግዕዝ አናባቢውን በሆሄው እግር ወይም ጎን ላይ ባለች ትንሽ ምልክት ያሳያል። «ለ»፣ «ሊ» እና «ሌ» የሚለዩት በእግራቸው ሥር ባለው ነገር ነው፤ ባዶ፣ ጭረት፣ ቀለበት። ፊደሉ ትንሽ ሆኖ ሲቆረጥ የኃምሱ ቀለበት ከሁለት አደጋ አንዱ ይገጥመዋል። ወይ በውስጡ ያለችው ቅንጣት ሳትለቀም ትቀራለች፣ ቀለበቱም ደፍኖ ከሩቅ የሳልስ ጭረት ይመስላል፤ ወይ ቀለበቱ ራሱ ከትርፉ ጋር ተነቅሎ ይሄድና ግዕዝ ይቀራል። «ቤት» «ቢት» ወይም «በት» ሆኖ ሊነበብ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። አናባቢን የሚያጠና ሰው ይህን ከአፍ የወጣ ድምፅ አድርጎ ቢተነትን፣ የተነተነው ስለቱን ነው።

በዚያው ልክ ስለ ሞክሼ ሆሄያት የሚደረግ ቆጠራም መጠንቀቅ አለበት። «ፀሐይ» በ«ፀ» ሲጻፍ ከአንድ ሆሄ ውስጥ ሁለት ቅንጣቶች መለቀም አለባቸው፤ በ«ጸ» ሲጻፍ ግን እንዲህ ያለ የተዘጋ ክፍል የለም። የ«ጸ» መብዛት የትምህርት ቤት አጻጻፍ ተጽዕኖ ሊሆን ይችላል፤ የቆራጩ ትዕግሥት ማለቅም ሊሆን ይችላል። ሆሄው ስንት ሚሊ ሜትር ቁመት እንዳለው ሳይመዘገብ ሁለቱን መለየት አይቻልም። በኦሮምኛም ጉዳዩ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። የላቲኑ ቁቤ ረጅም አናባቢንና ጠብቆ የሚነበብ ተነባቢን በድርብ ሆሄ ስለሚጽፍ ቃሉ ይረዝማል፤ በግዕዝ ሦስት ሆሄ የሚበቃው «ዋቀዮ» በቁቤ ስምንት ሆሄ ይፈልጋል። ቦታ ሲጠብብ ከድርቡ አንዱን መጣል ያጓጓል። ነገር ግን በኦሮምኛ «መሬት» የሚለው ቃልና «ለስላሳ» የሚለው ቃል የሚለያዩት በአናባቢ ርዝመት ነውና፣ የተጣለው ሆሄ ከትርጉም ጋር ይሄዳል።

እስካሁን የተነሣው ሁሉ ከመለጠፍ በፊትና በመለጠፍ ጊዜ የሚደርስ ነው። ከሁሉ ይልቅ ቸል የተባለው ግን ጋን ሁለት ጎን ያለው መሆኑ ነው። የፋብሪካው ጌጥ፣ ማለትም ነበልባሉ፣ መስመሩና ክንፉ፣ ለግራና ለቀኝ እንደ መስተዋት ተገልብጦ ይሠራል፤ ሁለቱም ወደ ፊት የሚበሩ ይመስላሉ። ቃል ግን አይገለበጥም። ግዕዝና ላቲን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄዱ፣ በሞተሩ ግራ ጎን ቃሉ ከመሪው ተነሥቶ ወደ መቀመጫው ይሄዳል፤ በቀኝ ጎን ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ መሪው ይደርሳል። አንድ ዓይነት ሆነው የተቆረጡ ሁለት ስቲከሮች ከተለጠፉ በኋላ አንድ ጽሑፍ አይደሉም።

ልዩነቱ በጊዜ ብዛት ይገለጣል። የነጂው ጉልበትና ጭን የሚፈትጉት የጋኑን የኋላ ክፍል ነው። ከዚህም የተነሣ በግራ ጎን የቃሉ መጨረሻ፣ በቀኝ ጎን የቃሉ መጀመሪያ ቀድሞ ይለቃል። ይህ ለሥነ ምዕላድ ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት ሁለት ምሳሌ ይበቃል፤ ምሳሌዎቹ አሠራሩን ለማስረዳት የተመረጡ እንጂ ከአንድ ጋን የተቀዱ አይደሉም። «አልቸኩልም» የሚለው ቃል በግራ ጎን መጨረሻውን ሲያጣ «አልቸኩል» ይሆናል፤ ይህም በሰዋስው ረገድ ምንም የማይጎድለው፣ ከመግለጫ ወደ ምኞት የተሻገረ አሉታ ነው። በቀኝ ጎን የመጀመሪያ ሆሄውን ሲያጣ ግን «ልቸኩልም» ሆኖ ፍጹም ተቃራኒውን ይናገራል። በስዋሂሊ «ሲና ሃራካ»፣ ማለትም «ችኮላ የለብኝም»፣ በላቲን ተጽፎ ከግራ ጎን መጨረሻው ቢላጥ አሉታው ይተርፋል፤ ከቀኝ ጎን «ሲ» ብትወድቅ ደግሞ የሚቀረው «ና ሃራካ»፣ «በችኮላ» ነው። ትኅትናን የለጠፈ ሰው ጉራ ሲነዛ ይነበባል ማለት ነው፤ ነጂው ግን ከላይ ሆኖ ስለሚያየውና ቃሉንም ስለሚያውቀው ላያስተውለው ይችላል።

የትኛው ጎን በሕዝብ ፊት ይውላል? መልሱ በትራፊክ ሕግ ነው። ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ በመንገድ ግራ ይነዳሉ፤ ሞተሩ የመንገዱን ዳር ይዞ ሲሄድ በቅርብ ላለው እግረኛ የሚታየው ግራ ጎኑ ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ በቀኝ ስለሚነዱ ለእግረኛው የሚታየው ቀኝ ጎን ነው። እንግዲህ በሞምባሳ የሚነበበው ቃል መጨረሻው የተላጠ፣ በሐዋሳ የሚነበበው መጀመሪያው የተላጠ የመሆን ዕድል አለው። ሁለቱን ከተሞች በፎቶግራፍ የሚያነጻጽር ጥናት፣ በስዋሂሊ መነሻ ቅጥያው ሲጸና በአማርኛ ሲወድቅ አይቶ ስለ ቋንቋዎቹ ባሕርይ ድምዳሜ ላይ ቢደርስ፣ የደረሰበት ነገር መኪና በየት በኩል እንደሚሄድ ነው። ኪኛሩዋንዳ እንደ ስዋሂሊ በመነሻ ቅጥያ የበለጸገ ሆኖ ሳለ ሩዋንዳ በቀኝ ትነዳለችና፣ የመንገዱን ተጽዕኖ ከቋንቋው ለመለየት ኪጋሊ ከሁለቱም ጋር መነጻጸር ይኖርባታል።

ፎቶግራፉ ራሱም ገለልተኛ አይደለም። የሞተር የጎን መቆሚያ በግራ በኩል ነው፤ ቆሞ ሲነሣ ጋኑ ወደ ግራ ያዘነብላል። ግራ ጎኑ ወደ መሬት ያጎነብሳል፣ ቀኙ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ፀሐይና ዝናብ ይቀበላል፣ የምስል ነጸብራቅም ይበዛበታል። ንጹሕ ምስል የሚፈልግ ሰው ሳያስበው ወደ ግራው ያደላል፤ እንግዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ እግረኛው ከሚያነበው ተቃራኒውን ይዞ ይመለሳል። ሮንና ሱዚ ስኮሎን በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ ጽሑፍ የተሠራበት ነገርና የተቀመጠበት ስፍራ የትርጉሙ አካል መሆናቸውን አስረድተዋል። ያንን ወደ መስክ ቅጽ መለወጥ ከባድ አይደለም፤ ጎን፣ የንባብ አቅጣጫ፣ የሆሄ ቁመት፣ የተላጠው ክፍልና በጋኑ ላይ የቀረው የሙጫ ጥላ ቢመዘገቡ ብዙው ይድናል። የሙጫው ጥላ በተለይ ሊናቅ አይገባም። ሆሄው ከወደቀ በኋላም ቅርጹ በአቧራ ተይዞ ይቆያል፤ «ስሕተት» ተብሎ የተመዘገበው ቃል ተሟልቶ ሊነበብ የሚችለው ከእርሱ ነው።

ከሁሉ የተሻለው መፈተኛ ዓረብኛና ላቲን በአንድ ጎን ተለጥፈው የሚገኙባቸው የዛንዚባርና የሞምባሳ ጋኖች ናቸው። ዓረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ በግራ ጎን ከመቀመጫው ይነሣል፤ የሚላጠው መጀመሪያው ነው። ከሥሩ ያለው የላቲን ስዋሂሊ በዚያው ጎን፣ በዚያው ጉልበት፣ መጨረሻውን ያጣል። እርግጥ የዓረብኛ ሆሄያት የተያያዙ በመሆናቸው ስቲከሩ እንደ ግዕዝ በየሆሄው አይወድቅም፤ ከጫፉ ተነሥቶ እንደ ጨርቅ ይገፈፋል፣ በኩርባው ላይ ለማስተኛት የሚደረገው ቅድም ቃሉን መሐል ለመሐል ይከፍለዋል። የሁለቱ ጉዳት በአንድ ሚዛን የሚለካው ይህ ልዩነት አስቀድሞ ከተመዘገበ ነው።