ሁለት እውነተኛ ሾቶች

ፊልም ኤዲት እያደረገ እንጀራውን የሚበላ ሰው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን ፊልም ደጋግሞ ሳያስበው አይቀርም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የዘገበበት ፊልም ነበር፤ በአገሩ ቴሌቪዥን የታየው ጥቅምት 1966 ነው። ደርግ ሲያሳየው ግን በረሃብተኞቹ መሀል የቤተ መንግሥት ግብዣ ገባበት፤ ጃንሆይ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ ታዩበት። በማግስቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እኔን የሚገርመኝ፣ ከሾቶቹ አንዱም ሐሰት አለመሆኑ ነው። ረሃቡም ነበረ፤ ግብዣውም ነበረ። የደርግ ሥራ መገጣጠሚያው ብቻ ነው። «እነዚህ ስለበሉ እነዚያ ተራቡ» ተብሎ ጋዜጣ ላይ ቢጻፍ፣ አንባቢ «እንዴት ሆኖ?» ብሎ ይሞግታል። ሁለት ምስል ሲቀጣጠል ግን ምክንያቱን የሚሞላው ተመልካቹ ራሱ ነው፤ ራሱ የደረሰበትን ነገር ደግሞ ማን ይጠራጠራል? ሩሲያዊው ፊልም ሠሪ ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድ ተዋናይን ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር እየቀጠለ የፈተነው ይህንኑ ነበር።

ያኔ ፊልም በምላጭ ተቆርጦ በማጣበቂያ ይያያዝ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ እንጎትተዋለን እንጂ ዘዴው ያው ነው። በተለይ ድምፅ! የፊተኛው ሾት ካለፈ በኋላ ድምፁን ጥቂት ካስቀጠልከው፣ መቆረጡን ማንም ልብ አይልም። ለሠርግ ቪዲዮም እንጠቀምበታለን፤ እዚያ አማቶች ካልተኳረፉ በቀር የሚጎዳ የለም።

ካሜራ ግን አድሏዊ ነው። ውሻና ሥጋ ይቀረጻል፤ ጭሰኛው ከምርቱ ለባለመሬቱ የሚያስረክበው ድርሻ፣ ድርቁን ወደ እልቂት ያሻገረው የመሬት ሥሪት፣ በየት በኩል ይቀረጻል? ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ በየወረቀቱ የተከራከሩበት ጉዳይ በዚያች ማታ የአንድ ሽማግሌ ፊት ሆነ። እንደኔ፣ ይህ ለደርግ ከፕሮፓጋንዳውም በላይ ጠቅሞታል፤ ሰውየው ሲወርድ ጥያቄው የተመለሰ መሰለ።

መስከረም 1977 ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ድግስ አከበረ፤ ቴሌቪዥናችንም በዚያ ሰሞን ባለቀለም ሆነ። ጥቅምት ላይ ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ረሃብ በቢቢሲ ወጣ፤ ዓለም አለቀሰ። ድግሱና ኮረም በአንድ ወር ልዩነት፣ ለኤዲተር ከዚህ የተመቸ ጥሬ ዕቃ አይገኝም። የመስከረም 1967ቱ ብልሃት ባለቤቱ ላይ እንዲዞር የቀረው አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ነበር። ያንን ቀጥሎ በአገር ቤት ቴሌቪዥን የሚያሳይ ባለሙያ ምን ይደርስበት እንደነበር የዘመኑን ሰው መጠየቅ ይበቃል።