የቤንጃሚን ፍራንክሊን ግለ ታሪክ በታሪክ ክፍል ውስጥ

በቅኝ ግዛት ዘመን ስለነበረው የአሜሪካ ኅብረተሰብ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ሃይማኖትን፣ የዘመነ አብርሆትን አስተሳሰብና ንግድን በየምዕራፉ ለያይተው ማቅረብ ይወዳሉ። ከዚህም የተነሣ ሰባኪው፣ ፈላስፋውና ነጋዴው በአንድ ከተማ እየኖሩ የማይተዋወቁ ሰዎች ሆነው ለተማሪው ይታዩታል። የቤንጃሚን ፍራንክሊን ግለ ታሪክ ይህን አጥር ለማፍረስ እጅግ የሚረዳ መጽሐፍ ነው። ሆኖም መጽሐፉ በዝምታ ያለፈውን ነገር መምህሩ ካልጠየቀ አጥሩ በሌላ ቦታ ተመልሶ ይተከላል።

ፍራንክሊን መጻፍ የጀመረው በ1771 በእንግሊዝ አገር ሲሆን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ትረካው 1757 ላይ ደርሶ ብዙም ሳይርቅ ይቋረጣል። ለክፍል ከሁሉ ይበልጥ የሚስማማው በ1739 ወደ ፊላደልፊያ ስለመጣው እንግሊዛዊ ሰባኪ ስለ ጆርጅ ዋይትፊልድ የሚተርክበት ክፍል ነው። ሕዝቡ ስብከቱን በተመስጦ ሲያዳምጥ፣ ፍራንክሊን ድምፁ እስከ የት እንደሚደርስ ለማወቅ ወደ ኋላው እያፈገፈገ በገበያው ጎዳና ወደ ወንዙ ይወርዳል። ርቀቱን የግማሽ ክብ ሬዲየስ አድርጎ፣ ለእያንዳንዱ ሰሚም ሁለት ካሬ ጫማ ቦታ መድቦ፣ ከ30,000 በላይ ሰው ሊሰማው እንደሚችል ያሰላል። (የሒሳብ መምህራንም ቢጠቀሙበት መልካም ነው።) ይኸው ሰው የሰባኪውን ስብከቶች እያተመ ይሸጥ ነበር። ለስብከቱ የተሠራውም አዳራሽ በኋላ ፍራንክሊን ላቋቋመው፣ ለዛሬው የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ መነሻ ለሆነው ትምህርት ቤት ዋለ።

ዋይትፊልድ በጆርጂያ ለሚያሠራው የሙት ልጆች ማሳደጊያ ገንዘብ ሲለምን፣ ምንም ላለመስጠት ቆርጦ የነበረው ፍራንክሊን ከመዳቡ ጀምሮ እስከ ወርቁ ኪሱን እንዳራገፈ ይነግረናል። ትረካው ያስቃል። ነገር ግን ጆርጂያ ያን ጊዜ ባርነትን በሕግ የከለከለች ስትሆን፣ ዋይትፊልድ እገዳው እንዲነሣ ተሟግቷል፤ ማሳደጊያውንም ለመደገፍ በ1747 በደቡብ ካሮላይና በባሮች ጉልበት የሚታረስ እርሻ ገዝቷል። እገዳው በ1751 ተነሣ። ፍራንክሊንም ከ1729 ጀምሮ ባሳተመው ጋዜጣ የባሪያ ሽያጭና የኮበለሉ ባሮች ፍለጋ ማስታወቂያ እያወጣ ገንዘብ ይቀበል ነበር። በግለ ታሪኩ ግን ጋዜጣውን ከስም ማጥፋትና ከግል ስድብ እንደጠበቀ በኩራት ሲተርክ፣ ስለ እነዚያ ማስታወቂያዎች አንድም ቃል አይናገርም።

በ1787 የፔንሲልቬኒያ ፀረ ባርነት ማኅበር ፕሬዚዳንት መሆኑ፣ በ1790ም ለኮንግረስ የቀረበውን አቤቱታ መፈረሙ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ትረካው ከቆመ በኋላ ነው። መጽሐፉን ብቻ ያነበበ ተማሪ ሀብት የሚገኘው በትጋትና በቁጠባ ብቻ ነው ብሎ ይነሣል፤ ይህም ስለዚያ ዘመን ንግድ የተሳሳተ ትምህርት ነው።

ስለዚህ ከዋይትፊልድ ትረካ ጎን የዚያ ጋዜጣ የማስታወቂያ ገጽ ተተርጉሞ ቢቀርብ ይበጃል። በየትምህርት ቤቱ የሚወደዱት አሥራ ሦስቱ የፍራንክሊን ምግባራት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሚገባቸው በላይ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ክፍለ ጊዜው ካነሰ እነርሱን ማስቀረት ይሻላል።