«ቅጥቅጥ ነው!»

ሸዋ ሮቢት ላይ መንገድ ዳር ሻይ ይዤ ስቀመጥ ከጫኝ ልጆቹ ጆሮ በላይ የሚገርመኝ የለም። ጣርማበርን አልፎ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁለቱን ጨርሶ የሚመጣው መኪና ገና ሳይታይ አንዱ «ቅጥቅጥ ነው!» ይላል። ሌላው አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ኧረ አባዱላ ነው» ይለዋል፤ ሚኒባሱን ማለቱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚረታው የመጀመሪያው ነው።

ስም አወጣጡንማ ማን ይችለዋል! አውቶቡሱ ቅጥቅጥ የተባለው በአይሱዙ ሻንሲ ላይ አካሉ እዚሁ አገር ጋራዥ ውስጥ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ስለሚሠራ ነው። በውይይት ታክሲ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጥ ነበር፤ ዝም ብሎ መሄድ ያስቸግር ስለነበር ስሙ ውይይት ሆነ። ቀዩ ሲኖትራክ ደግሞ «ቀይ ሽብር»፤ ከቀለሙም ከአነዳዱም የተወሰደ፣ ሳቅና ፍርሃት አንድ ላይ ያለበት ስም። ፋብሪካው በፊደልና በቁጥር ብቻ የጠራውን ሕዝቡ ጠባዩን አይቶ ክርስትና ያነሳዋል።

እነዚህ ስሞች ባይኖሩ ማሾና ሽንኩርት የያዙት እናት የትኛው ላይ እንደሚሳፈሩ እንዴት ይነገራቸው ነበር? አሁን ግን «እማማ፣ ቅጥቅጡ ይሻልዎታል፤ ጣሪያው ይጭናል» ይላቸዋል ልጁ፣ ጆንያቸውን ከትከሻው ሳያወርድ።