ስለ ጥንታዊው የቻይና ሲኒና ስለ አዲሱ አምሳያው

«ሲኒ» የሚለው ቃል ቡና በተፈላ ቍጥር በየቤታችን ይነገራል፤ ከወዴት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዐረቦች የቻይናን አገር «ሲን» ብለው ስለሚጠሩ፣ ከዚያ የሚመጣውን ነጭና ጠንካራ ዕቃ «ሲኒ» አሉት፤ ትርጓሜውም «ቻይናዊ» ማለት ነው። ስሙም ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ሲተላለፍ ወደ ቋንቋችን ገባ። የቻይና ዕቃ ራሱ ከጥንት ጀምሮ ወደ አገራችን ይደርስ እንደ ነበረ፣ በድሬዳዋ አጠገብ በሐርላ በተደረገው ቍፋሮ የተገኘውና በ2017 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) ወሬው የተገለጸው የቻይና ሸክላ ስባሪ ያስረዳል።

እንዲህ ላለው ስባሪ የተገኘበት አፈር ይመሰክርለታል። ከሱቅ ወደ ሱቅ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ሙሉ ሲኒ ግን ይህን የመሰለ ምስክር የለውም። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ዕቃውን ገልብጠው በመቀመጫው ላይ የተጻፈውን የንጉሥ ዘመን ማኅተም ያያሉ፤ ይህን ካዩ በኋላ ሌላ ምርመራ አያደርጉም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው፣ በጥንታዊ ሲኒ ላይ የሚፈርድ ሰው ከማኅተሙ ይልቅ ዕቃውን የሠራውን እጅ መመርመር እንደሚገባው ነው።

የዚህ ጥበብ ዋና መኖሪያ በጂያንግሺ ጠቅላይ ግዛት ያለችው የጂንግዴዠን ከተማ ናት። በዓለም ሁሉ «ካኦሊን» የሚባለው ነጭ አፈር ስሙን ያገኘው በከተማይቱ አጠገብ ካለው ከጋውሊንግ ኰረብታ ነው። ይህ አፈር ከተፈጨ ድንጋይ ጋራ ተቦክቶ ወደ 1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ እሳት ሲተኰስ፣ ነጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፍና ሲመቱት እንደ ደወል የሚጮህ ዕቃ ይወጣዋል። በሚንግ መንግሥት (1368–1644) ለቤተ መንግሥት በተሠሩት ዕቃዎች ላይ የንጉሡን የዘመን ስም መጻፍ የተለመደ ሆነ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ በሲኒ ላይ ያለውን ስም ግን የሚጽፈው ሰው ነውና እንደ ጸሓፊው አሳብ ይለዋወጣል። በካንግሺ ዘመን (1662–1722) የነበሩ ሠራተኞች በአዲስ ዕቃ ላይ ከእነርሱ በፊት የነበሩትን የሹዋንዴን (1426–1435) ወይም የቼንግኋን (1465–1487) ዘመን ስም ይጽፉ ነበር። እንዲያውም በ1677 የከተማይቱ ሹም፣ ዕቃው ሲሰበር የንጉሠ ነገሥቱ ስም አብሮ እንዳይረገጥ በማሰብ፣ በዙፋን ያለውን ንጉሥ ስም በሲኒ ላይ መጻፍን ከልክሎ ነበር። ስለዚህ የጥንቱን ስም የጻፈ ሁሉ አታላይ ነው ሊባል አይገባም፤ ብዙዎቹ የጻፉት አባቶቻቸውን ለማክበር ነው። ነገር ግን ማኅተሙን ብቻ ለሚያምን ተመልካች፣ በአክብሮት የተጻፈውና ለማታለል የተጻፈው አንድ ናቸው።

ነገሩን በምሳሌ ለመግለጥ በቼንግኋ ዘመን የተሠራውን ስመ ጥር «የዶሮ ሲኒ» እንውሰድ። ይህ ሲኒ የአፉ ስፋት ስምንት ሴንቲሜትር ያኽል የሆነ ትንሽ ዕቃ ነው። በዙሪያው አውራ ዶሮ፣ እናት ዶሮና ጫጩቶች ተሥለውበታል። ሠዓሊው አስቀድሞ የሥዕሉን መስመር በሰማያዊ ቀለም ያወጣል፤ ዕቃው እንደ መስተዋት የሚያበራ ልባስ ተቀብቶ በኀይለኛ እሳት ይተኰሳል፤ ከዚያ በኋላ በመስመሮቹ መካከል ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ተሞልቶ በለዘብተኛ እሳት ዳግመኛ ይተኰሳል። እስከ ዛሬ የደረሱት የዶሮ ሲኒዎች ከሃያ እንደማይበልጡ ይነገራል፤ ከእነዚሁም አንዱ በ2014 በሆንግ ኮንግ ጨረታ ከ281 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ተሸጧል። እንዲህ ያለ ዕቃ አምሳያ ሊታጣለት አይችልም፤ በቺንግ ነገሥታት ዘመንም ተቀድቷል፣ ዛሬም ቅጂው በጥቂት ገንዘብ ይገዛል።

እውነተኛውን ከቅጂው ጋራ የሚያስተያይ ሰው በመጀመሪያ የብሩሹን አካሄድ ይመልከት። የሌላውን ሰው ፊርማ አስመስሎ የሚፈርም ሰው መስመሩን እየፈራ ስለሚስበው፣ ቀለሙ ባልተገባ ስፍራ እንደሚወፍርና እጁ እንደሚንቀጠቀጥ በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት የሚመረምር ሁሉ ያውቀዋል። የሲኒም ነገር እንዲሁ ነው። የጥንቱ ሠዓሊ ያንኑ ሥዕል ዘወትር ይሥል ስለ ነበረ መስመሩ ፈጣንና ነጻ ነው፤ ቀጂው ግን ዐይኑን ከሌላው ሥራ ላይ ሳያነሣ ስለሚሥል መስመሩ ይዘገያል። በማተሚያ የተለጠፈ ሥዕል ከሆነ ደግሞ በአጕሊ መነጽር ሲያዩት በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ ሆኖ ይገኛል። በሹዋንዴ ዘመን ሰማያዊው ቀለም በእሳት ጊዜ በየስፍራው እየተከማቸ ጥቍር ነጥብ ያወጣ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት የነበሩ ቀጂዎች ይህን ለመምሰል ነጥቡን በብሩሽ ጨመሩት፤ እሳት ያለ ሥርዓት የበተነውን እነርሱ በሥርዓት ስለ ደረደሩት ሥራቸው ታወቀ።

ሁለተኛው የምርመራ ስፍራ መቀመጫው ነው። በልባስ ያልተሸፈነው የግርጌው ቀለበት የሸክላውን ባሕርይ ያሳያል፤ በሸክላው ውስጥ ያለው ጥቂት ብረት በእሳት ጊዜ በልባሱ ጠርዝ ላይ ቀላ ያለ መልክ ሊሰጠው ይችላል። አታላዩ ይህን ስለሚያውቅ ቡናማ ቀለም ይቀባዋል። በእጅ ተሽከርክሮ የተሠራ ዕቃ የጣትና የመላጫ ምልክት ይኖረዋል፤ በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ የተሠራው ግን ውፍረቱ ሁሉ አንድ ዐይነት ነው። እርጅናንም ቢሆን ማመን የሚገባው ከተመረመረ በኋላ ነው። ብዙ ያገለገለ ዕቃ የሚፋቀው በሚነካበት ስፍራ፣ ማለት በአፉ፣ በውስጡና በመቀመጫው ነው፤ በአሲድ ወይም በአሸዋ የደበዘዘው ግን እጅ በማይደርስበት ስፍራ ሁሉ እኩል ይደበዝዛል። ይህም ተንኰል አዲስ አይደለም። በጂንግዴዠን የነበረው ፈረንሳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ አባ ዳንትርኮል በ1712 በጻፈው ደብዳቤ፣ አዲስ ዕቃ ቅባት በበዛበት የዶሮና የሥጋ መረቅ ውስጥ ተነክሮ፣ ከዚያም በቈሸሸ የፍሳሽ ቦይ ውስጥ ወር ያኽል ከቈየ በኋላ የሦስትና የአራት መቶ ዓመት ዕቃ መስሎ እንደሚወጣ ተርኳል።

ሦስተኛው ነገር የዘመን መጋጨት ነው። ከወርቅ የሚገኘው የጽጌ ረዳ መልክ ያለው ቀለም በቻይና ሲኒ ላይ መዋል የጀመረው በ1720ዎቹ ገደማ ነው። እንግዲህ የቼንግኋ ማኅተም ያለበት ሲኒ በዚህ ቀለም አጊጦ ቢቀርብልን ክርክሩ ወዲያው ያልቃል።

ዛሬ የሳይንስ ባለሙያዎችም ረዳት ሆነዋል። ከሸክላው ጥቂት ዱቄት ቈፍረው በማሞቅ፣ ዕቃው ከተተኰሰ ጀምሮ ያጠራቀመውን ኀይል በሚያወጣው ብርሃን ይለካሉ፤ ከዚህም ዕድሜውን ይገምታሉ። የሰማያዊውን ቀለም ማዕድንም ይመረምራሉ፤ በዩዋን ዘመን (1271–1368) ከውጭ ይመጣ በነበረው ውስጥ ብረት ሲበዛ፣ የቻይና ምድር በሚያወጣው ውስጥ ማንጋኒዝ ይበዛል። ነገር ግን አታላዮች በአዲስ ዕቃ ላይ ጨረር በመልቀቅ ወይም አሮጌ መቀመጫ በአዲስ አካል ላይ በመግጠም መሣሪያውን ለማሳሳት ይሞክራሉ። ስለዚህ የመሣሪያው ቃል እንደ አንድ ምስክር ይሰማል እንጂ ፍርዱን ብቻውን አይሰጥም።

ምናልባት አንባቢ «ቅጂው እንደ ጥንቱ ያማረ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድር ነው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን መልሱን የሚሰጡት የቻይና ሠራተኞች ራሳቸው ናቸው። ከ1728 ጀምሮ በጂንግዴዠን የቤተ መንግሥቱን ሥራ ለመምራት የተሾመው ታንግ ዪንግ፣ የጥንት ዕቃዎችን አምሳያ እጅግ በሚያስደንቅ ጥበብ አሠርቷል፤ በ1735 በጻፈው መዝገብም እነዚህን ሥራዎች ሳይደብቅ ዘርዝሯቸዋል። ከዚያ ዘመን ቅጂዎች ብዙዎቹ በመቀመጫቸው ላይ የያዙት የገዛ ዘመናቸውን የዮንግዠንግን (1723–1735) ስም ነው። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ከአባቱ ተምሮ በስሙ የሚቆም ልጅ ነው። የገዛ ዘመኑን ስም ደብቆ የሌላውን የሚሸጥ ነጋዴ ግን ሁለት ሰው ይበድላል። ገንዘቡን የከፈለውን ገዢ ይበድላል፤ ከዚህ ይልቅ ግን፣ ይህን የሚያኽል ሥራ መሥራት የቻለውን በሕይወት ያለ ሠራተኛ ስም አጥፍቶ ምስጋናውን ለሙት ንጉሥ ይሰጥበታል።

አባ ዳንትርኮል አንድ ዕቃ በሰባ ሠራተኞች እጅ እንደሚያልፍ ጽፏል። ማኅተሙ ከእነዚህ ሰባ ሰዎች የአንዱን እንኳ ስም አይናገርም፤ የሚናገረው የንጉሡን ዘመን ብቻ ነው። እነርሱን የምናገኛቸው በመስመሩ፣ በመቀመጫውና በልባሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ መምህራንና ተማሪዎች ዐይናቸውን ሊያሠለጥኑ የሚገባው በገበያ ዕቃ ሳይሆን ዘመኑ በታወቀ ዕቃ ነው፤ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚታዩት፣ በ1351 ለቤተ መቅደስ ስለ መሰጠታቸው በአንገታቸው ላይ ረዥም ጽሕፈት ያለባቸው ሁለት ማሰሮዎች ለዚህ መልካም ምሳሌ ናቸው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶቻችን፤ የሲኒም እውነት የሚጠራው ታግሦ ለሚመለከት ነው። ማኅተሙን ከሁሉ በኋላ የሚያነብ ሰው በቀላሉ አይታለልም።