ሦስት ጊዜ የተጻፈ ዜማ

ሰው የእጁን ሥራ መውደዱ የተፈጥሮ ነው፤ ነገር ግን ፍቅሩ ከልክ ሲያልፍ ጉድለቱን እንዳያይ ይጋርደዋል። መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ የተባለውም ለነገሥታት ብቻ ሳይሆን ብዕር ለያዘና ዜማ ለሚደርስ ሁሉ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነን ጀርመናዊው ዮሐንስ ብራምስ ለፒያኖና ለአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች የደረሰው ኩንቴት ነው።

ብራምስ ይህን ሥራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1862 ሲጀምር ለሁለት ቫዮሊን፥ ለአንድ ቪዮላና ለሁለት ቼሎ ጻፈው፤ ፒያኖ አልነበረበትም። ወዳጁ ቫዮሊን ተጫዋቹ ዮሴፍ ዮአኪም ሥራውን መርምሮ፥ ኃይሉን ቢያደንቅም ደስ የሚያሰኝ ለዛ ይጎድለዋል ሲል በግልጥ ነገረው። ስለዚህ ለሁለት ፒያኖ ለውጦ በ1864 በቪየና ከካርል ታውዚግ ጋር ተጫወተው። አሁን ደግሞ ስመ ጥሩዋ ፒያኖ ተጫዋች ክላራ ሹማን፥ ይህን ያህል ሐሳብ ለሙሉ ኦርኬስትራ የሚገባ ነው አለችው። እርሱም በዚያው ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ ተነሥቶ ፒያኖውንና አውታሮቹን አዋሐደ፤ መጽሐፉም በ1865 ታተመ። የፊተኛውን የአውታር ጽሑፍ ግን አጠፋው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ብራምስ የወዳጆቹን ነቀፋ ተቀበለ እንጂ ያሉትን ሁሉ ቃል በቃል አልፈጸመም፤ ለኦርኬስትራም አልጻፈውም። ምክር መስማትና ለመካሪ ባሪያ መሆን የተለያዩ ናቸው።

የለውጡ ጥቅም በጆሮ ይታወቃል። የፒያኖ ድምፅ ትንሹ መዶሻ አውታሩን ከመታበት ጊዜ ጀምሮ እየደከመ ይሄዳል፤ በደጋን የሚሳበው ድምፅ ግን ሊረዝምና ሊበረታ ይችላል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንዲሉ፥ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። በመክፈቻው ፒያኖው፥ አንደኛው ቫዮሊንና ቼሎው አንዲቱን ዜማ ያለ አጃቢ በጸጥታ ያሰማሉ፤ ወዲያውም ፒያኖው እንደ ጎርፍ ሲፈስ አውታሮቹ ይመቱበታል። በሦስተኛው ክፍል ቼሎው አንዱን ወፍራም ድምፅ በጣት እየነቀነቀ፥ በሌሊት እንደሚሰማ የእግር ኮቴ ልብን ያስጨንቃል።

አራተኛው ክፍል ግን እንደ ቀደሙት የጸና አይመስለኝም። መግቢያው በጨለማ እንደሚዳብስ ሰው ቀስ ብሎ መሄዱ ያምራል፤ ከዚያ በኋላ ሐሳቦቹ ይደራረቡና መንገዱ አንዳንዴ ይጠፋል። ሦስት ጊዜ የታረመ ሥራም ቢሆን ነቀፋ አያጣውም።

በማስተማር በኖርኩበት ዘመን በቀይ ቀለም የታረመ ደብተሩን እንደ ስድብ የሚቆጥር ተማሪ ብዙ አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ወጣት ይህን ኩንቴት አርባ ደቂቃ ያህል ታግሦ ቢያደምጥ መልካም ነው። ያን ዜማ የደረሰው ሰው ነቀፋ ሲደርስበት ከነቃፊው ጋር አልተጣላም፤ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ጻፈ።