የድርሰት ትምህርትና የቅኔ ቤት ልማድ

በትምህርት ቤቶቻችን የድርሰት ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ በርእስ ተጀምሮ በማርክ ያልቃል። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ርእስ ይጽፋል፤ ተማሪውም በ40 ደቂቃ ውስጥ አስቦ፥ አሰናድቶና አሳምሮ እንዲጨርስ ይጠበቅበታል። ከሳምንት በኋላ ደብተሩ በቀይ ቀለም ተዥጐርጕሮ ይመለስለታል። በርእሱና በማርኩ መካከል ያለውን ሥራ፥ ይኸውም ሐሳብ መፈለጉን፥ ማስፋቱን፥ መሰረዙንና እንደ ገና መጻፉን የሚያስተምረው የለም። በእኔ አስተያየት ግን ድርሰት የሚባለው ይኸው መካከሉ ነው።

ይህን የምለው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም። በመንዝ ደጋ በአንድ ትምህርት ቤት አማርኛ ባስተማርሁበት ጊዜ እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። አንድ ቀን «የጫካ ጥቅም» የሚል ርእስ ሰጠሁ፤ ገብስና በግ እንጂ ጫካ እምብዛም በማይታይበት አገር! ከልጆቹ አንዱ ርእሱን ወደሚያውቀው ነገር አዞረውና በኅብረተሰቡ ሕግ ለዓመታት ተጠብቆ የቆየው ጓሳ ለአጨዳ የተከፈተ ዕለት፥ ለቤት ክዳን የሚሆን ሣር ለማጨድ ከአባቱ ጋራ በሌሊት መውጣቱን ጻፈ። ብርዱን ጻፈ፤ ከገደሉ ጫፍ የሚንጫጩትን ጭላዳዎች ጻፈ። እኔም «ከርእስ ወጥተሃል» ብዬ የፊደል ስሕተቱን ሁሉ በቀይ አሰመርሁበት። ከዚያ ወዲያ ልጁ ያቀረባቸው ድርሰቶች አንድም ስሕተት አልነበረባቸውም። ተሻሽሏል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከመጽሐፍ እየቀዳ ማምጣቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ነገሩን እንድመረምረው ያደረገኝ ከቅኔ ቤት ወደ እኛ ትምህርት ቤት የመጣ ሌላ ተማሪ ነው። የቅኔ ተማሪ ግሱንና እርባ ቅምሩን ካጠና በኋላ 2 ቤት ብቻ ባለው በጉባኤ ቃና ይጀምራል። እርሱን ሲለምድ ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ፥ ከዚያም ወደ ዋዜማና ወደ ሥላሴ እያለ 8 ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። መምህሩ አስቀድሞ ራሱ ይዘርፋል፤ ምሥጢሩንም ይፈታል። ተማሪው ያን ሰምቶ ብቻውን ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ተቀምጦ የራሱን ይቈጥራል። ቈጥሮም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመውን ያቃናለታል፤ የማይቃናውንም ያፈርስበታል። ቅኔው የፈረሰበት ልጅ በማግሥቱ አዲስ ቈጥሮ ይመጣል፤ ስለዚህም አያፍርም፤ የሁሉም የዕለት ኑሮ ነውና። ተማሪው በበዛ ጊዜ ደግሞ መምህሩ ሁሉን ብቻውን አይሰማም፤ በትምህርታቸው የበሰሉት አስነጋሪዎች የጀማሪዎቹን ይሰማሉ።

ይህን የሚመስል ሐሳብ በአሜሪካ እንደ አዲስ ነገር የተሰበከ ነው። ዶናልድ መሪ የተባለው ጋዜጠኛና መምህር በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ አስተማሪዎች ካለቀው ሥራ ይልቅ የአጻጻፉን አካሄድ እንዲያስተምሩ መክሯል። የእኛም የመማሪያ መጻሕፍት «ረቂቅ ጻፉ፤ አርማችሁም እንደ ገና ጻፉ» የሚል ትእዛዝ አላቸው። ዳሩ ግን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መልስ መምረጥ ነው። ፈተናው አንዲት አንቀጽ እንኳ የማይጠይቅ ከሆነ፥ መምህሩ ሦስት ረቂቅ ለማንበብ ምን ያተጋዋል?

ሌላው ችግር ከምሳሌ አቀራረባችን ይመጣል። የመንዝ ተወላጅ የሆኑት፥ በ1991 ዓ.ም. ያረፉት ከበደ ሚካኤል የጻፉትን «ታሪክና ምሳሌ» ስንት ትውልድ በትምህርት ቤት አንብቦታል! መጽሐፉ ለጆሮ ዜማን፥ ለአእምሮም ሥርዓትን ሰጥቷል። ሆኖም ተማሪው ያየው ያለቀውን ግጥም ነው፤ ደራሲው የሰረዘውን ቃል አላየም። ስለዚህ ድርሰት ለታደሉት ብቻ ከሰማይ የሚወርድ እየመሰለው ያድጋል። የመንዝ ልጅ ባና ሲለብስ የበጉ ጠጕር መሸለቱን፥ መነደፉን፥ መፈተሉንና መሸመኑን በቤቱ አይቷል፤ በድርሰት ግን የምናሳየው የተሸመነውን ባና ብቻ ነው።

እርግጥ የቅኔ ቤቱን እንዳለ ወደ ክፍላችን እናምጣው አልልም። አለንጋውና ፌዙ እዚያው ይቅሩ። ቅኔ ምሥጢርን መሸሸጉ ጌጡ ነው፤ ለማመልከቻና ለሪፖርት ግን ይህ ጌጥ አይስማማም። (በየመሥሪያ ቤቱ ሰሙ ገጽ ሙሉ ሆኖ ወርቁ የማይገኝለት ደብዳቤ ስንቱን ባለጕዳይ እንዳመላለሰ አንባቢዎቼ ያውቃሉ።) የምንወስደው አካሄዱን ነው፤ ከትንሽ መጀመሩን፥ በቃል ነግሮ መታረሙን፥ ከሁሉም በላይ አስነጋሪውን።

«60 ተማሪ ይዤ ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚል መምህር እውነት አለው። ሦስት ሦስት ረቂቅ ቢጽፉለት 180 ንባብ ነው፤ ይህን የሚችል ሰው አላውቅም። ነገር ግን የመጀመሪያውን ረቂቅ መምህሩ እንዲያየው ግድ አይደለም። ጠንከር ያሉት ተማሪዎች አስነጋሪ ሆነው፥ ጸሐፊው ጮክ ብሎ እያነበበላቸው «እዚህ ላይ ምን ለማለት ነው? ከዚያስ ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁት። ቀይ ቀለም በዚህ ጊዜ ከኪስ አይውጣ። ሁለተኛውን መምህሩ ከየቡድኑ ጥቂት ጥቂቱን ይይ፤ የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ እርማት ለመጨረሻው ይቈይ። ርእሱም ከልጁ አገር ይሁን። ለመርሐ ቤቴ ልጅ ጀማ የሞላ ዕለት፥ ለመንዝ ልጅ የበግ ሽለታ ከ«ጫካ ጥቅም» የበለጠ ብዙ ያናግረዋል። አስነጋሪዎቹ ተሳስተው ያሳስታሉ የሚል ሥጋት ነበረኝ፤ አንዳንዴም ሆኗል። የሆነ ሆኖ ሌላውን ሲጠይቁ የራሳቸውን ጉድለት ማየት ጀመሩ፤ ይህን አስቀድሜ አላሰብሁትም ነበር።

ያን ልጅ ስለ ጓሳው የጻፈውን እንዲያመጣልኝ ለመንሁት። ደብተሩ እሳት ማያያዣ ሆኗል አለኝ። እንግዲያው እንደ ገና ጻፈው አልሁት፤ ሁለት ሳምንት ዘገየ። የመጀመሪያው ረቂቅ ስድስት መስመር ነበር፤ አስነጋሪው «አባትህ ምን ይዞ ነበር?» ብሎ ጠየቀው። በሦስተኛው ረቂቅ ላይ የአባቱ ማጭድ ገባ፤ በቀይ ቀለም ባበላሸሁት በፊተኛው ድርሰት ውስጥ ያልነበረ፥ እጀታው በጠፍር የታሰረ ማጭድ።