በሁለት ጠርዝ መካከል

ሽማግሌው መጀመሪያ ያዩት ጫማውን ሳይሆን እግሯን ነው። ልጄን ዝቅ ያለች ወንበር ላይ አስቀምጠው ካልሲዋን አስወለቋት፤ ተረከዟን በመዳፋቸው ይዘው በአውራ ጣታቸው የቁርጭምጭሚቷን አጥንት ዙሪያውን ዳሰሱት። ከዚያ «ተነሽና ክብደትሽን ሙሉ በሙሉ ጣይበት» አሏት። እግር ተቀምጠው ሲለኩትና ቆመው ሲለኩት አንድ አይደለም፤ ሲቆሙበት ይረዝማል፣ ይሰፋልም። ሁለቱንም ለኩ። ግራው ከቀኙ በጥቂቱ ይበልጣል። ዘጠኝ ዓመት ያጠብኩት፣ ጫማ ያጠለቅሁለት እግር ነው፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር።

የሽማግሌው ሱቅ ቶሮንቶ ውስጥ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ከዳንፎርዝ ጎዳና ብዙም አይርቅም። ጠባብ ቤት ነው። ግድግዳው በዱላና በጓንት ተሸፍኗል፤ በስተኋላ የጫማ ብረት መሳያው ማሽን ቆሟል፤ ቤቱ የጋለ ብረት ይሸታል። የመጣነው ስሕተት ለማረም ነበር። ከአንድ ወር በፊት ከአንድ ትልቅ መደብር የሆኪ ጫማ ገዝቼላት ነበር። እዚህ «ስኬት» ነው የሚሉት፤ ቃሉ በእኛ ቋንቋ ሌላ ትርጉም ስላለው እኛ ቤት የበረዶ ጫማ እንለዋለን። ያገራችን ወላጅ ለልጁ ጫማ ሲገዛ በተረከዙ በኩል ጣቱን ሰዶ ይለካና «ታድግበታለች» ይላል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ፤ ሻጩም ምንም ሳይለኝ ሒሳቡን ተቀበለኝ። የበረዶ ሜዳው ላይ ስትወጣ ቁርጭምጭሚቶቿ ወደ ውስጥ እየታጠፉ መቆም አቃታት። በሦስተኛው ሳምንት ተረከዟ ውኃ ቋጠረ። «አባዬ፣ እኔ አይሆንልኝም መሰለኝ» ስትለኝ የልጄን ድፍረት ተጠራጠርኩ እንጂ ጫማውን አልጠረጠርኩም።

ለመንገድ የምታደርገው ጫማ 3 ቁጥር ነው። እኔ የገዛሁላት 4 ነበር፤ ሽማግሌው ከመደርደሪያ ያወረዱት ደግሞ 2። የሆኪ ጫማ ከመንገድ ጫማ በ1 ወይም በ1 ተኩል ቁጥር ያንሳል። ስስ ካልሲ አድርጋ እግሯን አስገባች፤ ተረከዟ ከኋላው ጥግ እንዲደርስ ወለሉን ሁለት ጊዜ በተረከዟ አስመቷት። ቀጥ ብላ ስትቆም የጣቶቿ ጫፍ የጫማውን አፍንጫ ሳም ማድረግ አለበት። ጉልበቷን አጥፋ ጎንበስ ስትል ተረከዙ ወደ ኋላ ይገባና ጣቶቿ በጥቂቱ ይላቀቃሉ። ሆኪ የሚጫወት ሰው ሜዳው ላይ ሁልጊዜ ጉልበቱን ያጠፈ ስለሆነ ትክክለኛው ልክ የሚታወቀው በዚያ አቋም ነው። ተረከዝ ጫማው ውስጥ ትንሽ እንኳ ከፍ ዝቅ ካለ፣ የገፋችበት ኃይል በረዶው ጋ ሳይደርስ እዚያው ጫማው ውስጥ ይቀራል።

ቀጥለው እርሳስ አነሱ። ማሰሪያው ሳይታሰር ምላሱን ወደ ፊት ስበው፣ ከላይ ሦስተኛዎቹ ቀዳዳዎች ላይ እርሳሱን አጋደሙት። እርሳሱ የእግሯን ጀርባ ነካና ተወዛወዘ። ምንም ሳይናገሩ ጫማውን አውልቀው መለሱት። ቁጥሩ ልክ ነበር፤ ጥልቀቱ ግን አልበቃም፤ እንዲህ ያለው ጫማ ሲጠብቅ የእግርን ጀርባ ይጫንና ያደነዝዛል። ሁለተኛው ጫማ ላይ እርሳሱ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ምንም ሳይነካ ተኛ። ያን ጊዜ ብቻ ነው ዋጋ የነገሩኝ።

ከዚያ ጫማው ምድጃ ገባ። የዛሬ የሆኪ ጫማ ቅርፊቱና የውስጥ ስፖንጁ በሙቀት እንዲለሰልሱ ሆነው ይሠራሉ። ምድጃው 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ጫማው የሚቆይበት ጥቂት ደቂቃ ነው። ሲወጣ እንደ ለፋ ቆዳ ይታዘዛል። ልጄ እግሯን ስትሰድ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሙቀቱ ደስ ብሏት ነበር። ሽማግሌው ተንበርክከው ማሰሪያውን ከታች ጀምረው አጠበቁ፤ የሚስቡት ግን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎንና ወደ ጎን ነው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ቅርፊቱ ገና ለስላሳ ስለሆነ ወደ ላይ ከተሳበ ቀዳዳዎቹ ተነቅለው ሊወጡ ይችላሉ። አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀምጣ ቆየች፤ መነሣት ክልክል ነው፤ ጫማውም አንድ ቀን ሙሉ ሳያርፍ በረዶ አይነካም።

በግራ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያለው አጥንት ግን አሁንም ይጫናታል። ሽማግሌው ከመሳቢያቸው የከንፈር ቀለም አወጡ። አጥንቷ ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ አደረጉና እግሯን በጥንቃቄ አስገብተው አወጡት። ነጥቡ ጫማው ውስጥ ታትሞ ቀረ። አንዱ ጫፉ ሉል፣ ሌላኛው ጫፉ ቀለበት የሆነ መቆንጠጫ አምጥተው ሉሉን ከውስጥ ነጥቡ ላይ፣ ቀለበቱን ከውጭ አድርገው ቦታውን በሙቅ አየር አለሰለሱና አጠበቁት። ሲፈቱት ከውጭ ልብ የማይባል እብጠት ብቻ ነው የታየው። ጣቴን ስሰድ ግን የባቄላ ፍሬ የምታርፍበት ያህል ጎድጎድ ያለች ቦታ አገኘሁ። ልጄ እግሯን መልሳ አስገብታ «ጠፋ» አለች። ሕመሙን ማለቷ ነው።

ይህ ዓይነቱ ጥበብ ከጫማ ሰፊ እንጂ ከስፖርተኛ አልመጣም። በ19ኛው መቶ ዓመት ሰዎች የመንሸራተቻውን ብረት ከተራ ጫማቸው ሥር በጠፍር እያሰሩ ነበር የሚንሸራተቱት። ቀጥሎ በኖቫ ስኮሺያ፣ ዳርትማውዝ ከተማ፣ የስታር ፋብሪካ በመቆንጠጫ የሚያያዝ ብረት አወጣ። ለእግሩ ለራሱ የተጨነቀው ግን ማኒቶባ ውስጥ የብራንደን ከተማ ጫማ ሰፊ የነበረው ጆርጅ ታካቤሪ ነው። በዚያው ከተማ ይኖር የነበረው ተጫዋች ጆ ሆል ጫማው አንድ የጨዋታ ዘመን እንኳ እንደማይዘልቅለት አማረረ፤ ታካቤሪ በካንጋሮ ቆዳ፣ ተረከዙንና የእግሩን ቅስት ይበልጥ የሚደግፍ ጫማ ሰፋለት። የካንጋሮ ቆዳ ስስና ቀላል ሆኖ ጠንካራ ነው፤ ለሥራው የተገባ ምርጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 ኪችነር፣ ኦንታርዮ የተጀመረው ባወር የተባለው ኩባንያ ብረቱን ከጫማው ጋር አንድ አድርጎ መሸጥ ጀመረ። ታካቤሪ ከሞተ በኋላ በ1937 ሲሲኤም የተባለው የሆኪ ዕቃ አምራች የጫማውን መብት ገዛ፤ «ታክስ» የሚለው የጫማው ስም ከታካቤሪ ስም የመጣ ነው። ሰውየው በአንድ ጎረቤቱ እግር ላይ ያስተዋለው ነገር ለዘመናት የብዙ ተጫዋቾች መቆሚያ ሆነ።

ወደ ማሽኑ ልመለስ፤ ልቤ የቀረው እዚያ ነውና። አዲስ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ሳይሳል ነው የሚመጣው። የሥጋ ቤት ቢላዋ ሲሳል ሁለቱ ጎኖች አንድ ስለት ላይ ይገናኛሉ። የሆኪ ብረት እንደዚያ አይደለም። ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር አይሞላም፤ ከሥሩ በርዝመቱ ሙሉ ቀጭን ቦይ ይወጣለታል፤ ከቦዩ ግራና ቀኝ ሁለት ጠርዞች ይቀራሉ፤ አንዱ የውስጥ፣ አንዱ የውጭ። ተጫዋች የሚዞረውም የሚቆመውም በጠርዞቹ ነው። ሽማግሌው መጀመሪያ ድንጋዩን ራሱን ቀረጹት። ጫፉ ላይ አልማዝ የተተከለበትን ክንድ በሚዞረው ድንጋይ ፊት እንደ ቅስት አሳለፉት፤ የድንጋዩ አፍ ክብ ሆነ። ብረቱ ላይ የሚወጣው ቦይ የዚያ ክብ ግልባጭ ነው።

የመረጡላት ግማሽ ኢንች ነው። ይህ የቦዩ ጥልቀት አይደለም፤ ቦዩ የአንድ ክብ ቁራጭ ነው፣ ልኩም የዚያ ክብ ከመሐሉ እስከ ዳሩ ያለው ርቀት ነው። ክቡ ባነሰ ቁጥር ቦዩ ይጠልቃል፣ ጠርዙም በረዶውን ይበልጥ ይነክሳል፤ ክቡ ሲሰፋ ብረቱ ይበልጥ ይንሸራተታል። አንዳንድ በር ጠባቂዎች ወደ ጎን ተንሸራትተው መድረስ ስላለባቸው ጠፍጣፋ ያለውን ይመርጣሉ። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ አሰላሁት፦ በዚህ ውፍረት የግማሽ ኢንቹ ቦይ ጥልቀት 0.08 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ ተራ ወረቀት ያንሳል። ሰፋ ያለው ልክ፣ አምስት ስምንተኛ ኢንች፣ ወደ 0.06 ይወርዳል። የሁለቱ ልዩነት ከ0.02 ሚሊሜትር አይበልጥም። ተጫዋች ግን ገና ሜዳው ላይ በወጣ በመጀመሪያው መታጠፊያ ልዩነቱን በእግሩ ያውቀዋል።

ጫማውን በጎኑ ማቀፊያው ላይ አጥብቀው ብረቱን ከድንጋዩ ጋር አገናኙት። ፍንጣሪው ወደ አንድ ወገን ይረጫል። ዓይናቸው ብረቱ ላይ ቢሆንም ሥራውን የሚከታተሉት በጆሯቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። እጅ በእኩል ፍጥነት ሲሄድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰማል፤ ሲዘገይ ድምፁ ይወፍራል፣ ብረቱም እዚያ ላይ ይበላል። ብረቱ ከፊትና ከኋላ ወደ ላይ የቀና ስለሆነ እጃቸውም ቅርጹን ተከትሎ ይታጠፋል። ከጥቂት ዙር በኋላ ዘይት ጠብ አድርገው በጣም ቀላል የመጨረሻ ዙር ሄዱ። በለስላሳ ድንጋይ ከጎንና ከጎን የቀረውን የብረት ጠጉር አነሱ።

አሁን የሥራው ልክ የሚታይበት ሰዓት ደረሰ። ማግኔት ያለባት ትንሽ መለኪያ ብረቱ ላይ ለጥፈው፣ አግድም ዘንጓን በሁለቱ ጠርዞች ላይ አሳረፏት። ዓይኔን ባፈጥም ምንም አላየሁም። እሳቸው ግን «የውጩ ከፍ ብሏል» አሉና የማቀፊያውን ብሎን እንደ ፀጉር በምትቀጥን መጠን አዙረው እንደገና ሳሉት። አንዱ ጠርዝ ከሌላው ከፍ ካለ ልጅቱ በአንድ ወገን ስትታጠፍ ይይዝላታል፣ በሌላው ወገን ይከዳታል፤ ጥፋቱም የራሷ ይመስላታል። በሁለተኛው ልኬት ራሳቸውን ነቀነቁ። የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በጠርዙ ላይ በቀስታ አሳለፉ፤ ከጥፍሩ ነጭ፣ ስስ ፍቅፋቂ ተነሣ። ያንኑ በአራቱም ጠርዞች ላይ ደገሙ።

ስለ ሌላው ዕቃ ብዙ አልልም፤ የጨረስነው በሩብ ሰዓት ነው። የቅልጥም መከላከያው የጉልበቷን ሎሚ መሐል ለመሐል መሸፈን አለበት። የራስ ቁሩ ከቅንድቧ አንድ ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ራሷን ስትነቀንቅ አብሮ መሄድ እንጂ ብቻውን መዞር የለበትም። ዱላው በባዶ እግሯ አፍንጫዋ ጋ፣ ጫማውን ስታደርግ አገጯ ጋ ይደርሳል፤ ትርፉ በመጋዝ ይቆረጣል። ከመውጣታችን በፊት የጨርቅ አፎት ሰጧት። ፕላስቲኩ አፎት ለመራመጃ ብቻ ነው፤ ብረቱ ሳይደርቅ እዚያ ውስጥ ካደረ ይዝጋል። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ መወልወል፣ ከዚያ ጨርቁን አፎት ማልበስ። ልጄ ይህን ከእኔ በተሻለ ታስታውሳለች፤ ከሜዳ ስትወጣ ከውኃ በፊት የምትጠይቀው ጨርቋን ነው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ጫማውን ለማሳል ተመለስን። ሽማግሌው ብረቱን ወደ መብራቱ አዘነበሉት። የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፤ የዶለዶመ ጠርዝ ግን እንደ ነጭ ክር ያበራል። በቀኙ ጫማ የውስጥ ጠርዝ ላይ፣ ከመሐሉ ወደ ፊት፣ ቀጭን ነጭ መስመር ነበር። የግራው ብረት ግን እንዳለ ነው። ብረቱን ዝቅ አድርገው ልጄን አዩዋት።

«ሁልጊዜ ከሩጫ የምትቆሚው በቀኝ እግርሽ ነው?»

እየሣቀች ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ማሽኑን አስነሡ። በዚያው ማታ ሜዳው ላይ፣ ከአሠልጣኟ ርቃ ጥግ ላይ፣ በግራ እግሯ ለመቆም ስትሞክር አየኋት። ሦስት ጊዜ ወደቀች። በአራተኛው በረዶው እንደ ዱቄት ብን ብሎ ግድግዳው ላይ ተረጨ።